የንባብ ካሪኩለም የሚመረጠው ቦርዱ ድምፅ በሚሰጥበት ምሽት አይደለም

በሜሪላንዱ ሞንጎመሪ ካውንቲ፣ በቨርጂኒያው ፌርፋክስ፣ በሲያትልና በዋሽንግተን ዲሲ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች ከሚተረጎሙት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። የተተረጎመው ወረቀት ግን እጃችን የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። «ከመጪው የትምህርት ዘመን ጀምሮ አዲስ የላንጉጅ አርትስ ካሪኩለም ሥራ ላይ ይውላል» ይላል። ልጆቻችን ማንበብና መጻፍ የሚማሩባቸው መጻሕፍት፣ መምህሯ በየቀኑ የምትከተለው ዕቅድ፣ በየክፍሉ መጨረሻ የሚሰጠው ፈተና ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ካሪኩለም ነው። አንዴ ከተገዛ ደግሞ በተለምዶ ከ6 እስከ 8 ዓመት ይቆያል። ዘንድሮ ኪንደርጋርተን የገባ ልጅ አንደኛ ደረጃን እስኪጨርስ ከእጁ ላይለየው ይችላል።

ወላጅ ሊከራከርበት የሚገባው ጊዜ ስኩል ቦርዱ ድምፅ ከሚሰጥበት ምሽት ብዙ ወራት ቀደም ብሎ ነው። ውሳኔው በተግባር የሚወሰደው ለተወዳዳሪ ካሪኩለሞች ነጥብ የሚሰጥበት የመመዘኛ ሰንጠረዥ ሲረቀቅ ነው፤ ያኔ ደግሞ በክፍሉ ውስጥ ከእኛ ወገን ሰው አይኖርም።

የትምህርት ዲስትሪክቶች ካሪኩለም በመቀየር የተጠመዱት በከንቱ አይደለም። በአሜሪካ ምክር ቤት ጥያቄ የተቋቋመው ብሔራዊ የንባብ ፓናል በ2000 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባወጣው ሪፖርት አምስት የንባብ ትምህርት ምሰሶዎችን ለይቶ አስቀምጦ ነበር፦ በቃል ውስጥ ያሉ ድምፆችን ነጥሎ መስማት፣ ድምፅን ከፊደል ማያያዝ ወይም ፎኒክስ፣ ሳይደናቀፉ ማንበብ፣ የቃላት ዕውቀትና የተነበበውን መረዳት። ይሁንና ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት በርካታ ትምህርት ቤቶች ልጁ ያላወቀውን ቃል ከሥዕሉና ከዓረፍተ ነገሩ እንዲገምት የሚያስተምሩ መጻሕፍትን ሲጠቀሙ ቆይተዋል። ይህንን ለመለወጥ ሚሲሲፒ በ2013 የንባብ ትምህርት ሕግ አወጣች። ቨርጂኒያ በ2022 ባጸደቀችው የማንበብ ሕግ መሠረት ዲስትሪክቶች የአንደኛ ደረጃ ካሪኩለማቸውን ክልሉ ካጸደቀው ዝርዝር ውስጥ መምረጥ አለባቸው። ኒውዮርክ ከተማ በ2023 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿን በሦስት ካሪኩለሞች ብቻ ወሰነች። በግምት ማንበብን የሚያስተምር ዘዴን በሕግ የከለከሉ ክልሎችም አሉ።

አሠራሩ ከቦታ ቦታ ቢለያይም ሂደቱ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። መጀመሪያ የተማሪዎች ውጤት ይታያል፤ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ መመዘኛ ይጻፋል፤ የጨረታ ጥሪ ይወጣል። አሳታሚዎች ናሙና ይልካሉ፤ ኮሚቴው ሁለት ወይም ሦስት እስኪቀሩ ያጣራል፤ የቀሩት በተወሰኑ ክፍሎች ይሞከራሉ። መጻሕፍቱ ለሕዝብ ዕይታ የሚቀርቡት ብዙውን ጊዜ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ዋጋ ድርድር ተደርጎ ቦርዱ ያጸድቃል፤ መጻሕፍቱ ትምህርት በሚዘጋበት ወቅት ተጭነው ይመጣሉ፤ መምህራን ትምህርት ሊከፈት ሲል ጥቂት ቀን ይሠለጥናሉ።

ወደ መመዘኛው ልግባ፤ አብዛኛው ጥፋት የሚጀምረው እዚያ ነውና። አንድ ኮሚቴ 10 መስፈርት አውጥቶ ለእያንዳንዱ 4 ነጥብ ሰጠ እንበል። ከአስሩ አንዱ ፎኒክስ ነው። ሌሎቹ የመጽሐፉ ማራኪነት፣ የኮምፒውተር ፕሮግራሙ፣ ለመምህር ያለው ምቾት፣ የፈተናዎቹ አቀራረብና የመሳሰሉት ናቸው። በፎኒክስ ዜሮ ያገኘ፣ በቀሩት ዘጠኙ ግን ሙሉ ነጥብ የያዘ ካሪኩለም ከ40 ነጥብ 36 ያገኛል፤ 90 በመቶ ማለት ነው። ልጅን ማንበብ የማያስተምር መጽሐፍ አንደኛ ሊወጣ ይችላል! መፍትሔው ከባድ አይደለም። መሠረታዊዎቹ መስፈርቶች ከሌሎቹ ጋር የሚደመሩ ሳይሆኑ መጀመሪያ የሚታለፉ በሮች መሆን አለባቸው፤ በፎኒክስ ወይም በጽሑፎቹ ጥራት የወደቀ ሌላው ነጥቡ ሳይታይ ከውድድር ይውጣ። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆኑ ልጆች የተዘጋጀው ድጋፍም ራሱን የቻለ በር ይሁን። በብዙ ሰንጠረዦች ላይ ግን «ልዩ ልዩ ተማሪዎች» በሚል አንድ መስመር ትምህርት ቶሎ ከሚገባቸውና የአካል ጉዳት ካለባቸው ልጆች ጋር ተጨፍልቆ ይገኛል።

ኮሚቴዎች በጣም የሚደገፉበት ነገር ኤድሪፖርትስ የተባለው ድርጅት የሚሰጠው ደረጃ ነው። ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው፤ ካሪኩለሞችን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ እያለ ይመድባል። ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን የሚመረምረው መጽሐፉ ከትምህርት መለኪያዎቹ ጋር መጣጣሙንና ለአጠቃቀም መመቸቱን ነው። በዚያ መጽሐፍ የተማሩ ልጆች ማንበብ መቻል አለመቻላቸውን አይለካም። አረንጓዴውን እንደ ማረጋገጫ ወስዶ ምርመራውን የሚያቆም ኮሚቴ ሥራውን ለሌላ አሳልፎ ሰጥቷል። «በጥናት የተደገፈ» የሚለው የሻጮች ቃልም እንዲሁ በደፈናው መታመን የለበትም። በ2015 የወጣው የፌዴራል ትምህርት ሕግ ማስረጃን በአራት ደረጃ ይከፍላል። አንደኛው በሚገባ በተሠራ የሙከራ ጥናት የተረጋገጠ ነው፤ አራተኛው ግን «ይሠራል ብሎ ለማመን ምክንያት አለ» ከማለት ብዙም አይርቅም። ስለዚህ አሳታሚው ሲመጣ የሚጠየቀው «ማስረጃህ ስንተኛው ደረጃ ነው? ጥናቱስ የተሠራው በየትኞቹ ልጆች ላይ ነው?» ተብሎ ነው።

አሳታሚ ሲያቀርብ የሚያሳየው ምርጡን ክፍል ነው። ኮሚቴው ራሱ ሳምንት ይምረጥ፤ ለምሳሌ የአንደኛ ክፍል 12ኛ ሳምንት፣ የአራተኛ ክፍል ሦስተኛ ምዕራፍ። ከዚያ የአንደኛ ክፍሉን ማንበቢያ ይዞ ቃላቱን አንድ በአንድ መቁጠር ነው፦ ልጁ እስከዚያ ሳምንት በተማራቸው ድምፆች ሊያነባቸው የሚችላቸው ስንቶቹ ናቸው? አብዛኞቹ ገና ያልተማራቸው ከሆኑ ልጁ ምርጫ የለውም፤ ይገምታል። የመምህሩ መምሪያ «ሥዕሉን ተመልከት፣ ምን ሊሆን ይችላል?» የሚል ከሆነ ሽፋኑ ላይ ምንም ይጻፍ ምን ያው የድሮው ዘዴ ነው። በአራተኛ ክፍል የሚታየው ሌላ ነው። ጽሑፎቹ ስለ አንድ ጉዳይ ለሳምንታት ዕውቀት ያስገነባሉ ወይስ ዛሬ ስለ ዓሣ ነባሪ፣ ነገ ስለ እሳት አደጋ ሠራተኛ እያሉ ይበታተናሉ? በቤቱ እንግሊዝኛ የማይነገር ልጅ አዲስ ቃል የሚለምደው ያው ቃል በተከታታይ ጽሑፎች ደጋግሞ ሲገጥመው ነው። ስለ አፍሪካ የሚያወሩት ገጾችም ይታዩ፤ አህጉሩ በእንስሳትና በረሃብ ብቻ ተወክሎ ከሆነ በጽሑፍ ይመዝገብ።

አሁን የእኛን ልጆች በቀጥታ የሚነካው። በ2006 የወጣ ሰፊ የጥናት ግምገማ እንዳሳየው አምስቱ ምሰሶዎች እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆኑ ልጆችም ይጠቅማሉ፤ ብቻቸውን ግን አይበቁም፤ የንግግር እንግሊዝኛ ሥራ ተጨማሪ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ካሪኩለሞች ለእነዚህ ልጆች የሚሰጡት የቋንቋ ንጽጽር በዋናነት ከስፓኒሽ ጋር ነው። አማርኛ የሚናገር ልጅ የሚቸገርበት ቦታ ከዚያ ይለያል። በ«ዚስ» እና በ«ቲንክ» መጀመሪያ ላይ ያሉት፣ ምላስ በጥርስ መካከል ወጥቶ የሚነገሩት ድምፆች በአማርኛ የሉም። መርከብንና በግን የሚጠሩት ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ለአማርኛ ጆሮ ሁለቱም «ሺፕ» ናቸው። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ስለሚይዝ አዲስ አበባ ፊደል ቆጥሮ የመጣ ልጅ ቃልን በ«በ፣ ቡ፣ ቢ» ደረጃ መክፈል ያውቃል፤ እንግሊዝኛው ግን ከዚያም ወርዶ እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው እንዲነጥል ይጠይቀዋል። በ«ስትሪት» መነሻ ላይ የተደረደሩትን ሦስት ተነባቢዎች መሐላቸው ትንሽ አናባቢ ሳያስገባ መናገር ልምምድ ይፈልጋል። ምልክት ድምፅን እንደሚወክል ግን ያ ልጅ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ይህ ሀብት ነው። ጥሩ መምሪያ ለመምህሯ ይህንን ይነግራታል። የማይነግራት ከሆነ ልጁ ከዕድሜው ወደኋላ እንደቀረ ተቆጥሮ የማያስፈልገው ቡድን ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ሰዓቱም ይቆጠር። አንዳንድ ካሪኩለሞች የተሠሩት በቀን ለሁለት ሰዓት ነው። በስፋት የሚሠራበት ሲኬኤልኤ የተባለው ካሪኩለም ለታችኞቹ ክፍሎች አንድ ሰዓት ለፎኒክስና ለጽሕፈት፣ አንድ ሰዓት ደግሞ መምህሯ እያነበበች ለሚገነባው ዕውቀት ይመድባል። ትምህርት ቤቱ ያለው 90 ደቂቃ ከሆነ 30ው ከየት ይቆረጣል? በአብዛኛው የሚቆረጠው ማዳመጡና ውይይቱ ነው፤ ልጆቻችን አጥብቀው የሚፈልጉት ክፍል። በዚያ ላይ ልጆቻችን ለኢሶል፣ ማለትም እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆኑ ልጆች ለሚሰጠው ትምህርት፣ ከክፍል የሚወጡት በስንት ሰዓት እንደሆነ ማንም ካልጠየቀ፣ እነሱን ይረዳል ተብሎ የተገዛው ትምህርት ሲሰጥ እነሱ ሌላ ክፍል ይሆናሉ።

ሙከራውም ብዙ ጊዜ ያታልላል። ፈቃደኛ የሆኑት ጎበዝና ልምድ ያላቸው መምህራን ናቸው፤ የአሳታሚው አሠልጣኝ ከጎናቸው ነው። በዚህ ሁኔታ የማይሳካ መጽሐፍ ጥቂት ነው። ሙከራው የኢሶል ተማሪዎች በሚበዙበት ትምህርት ቤትና በአዲስ መምህር ክፍልም መካሄድ አለበት። ተፎካካሪዎቹ ሁለቱም ቢያንስ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይሰጡ፤ ግማሹ ክፍል አንደኛውን አስቀድሞ፣ ግማሹ ሌላኛውን አስቀድሞ ይጀምር።

ገንዘቡን በተመለከተ ቦርዱ ፊት የሚቀርበው የመጀመሪያው ዓመት ሒሳብ ብቻ እንዳይሆን። ልጆች የሚጽፉባቸው የልምምድ መጻሕፍት በየዓመቱ እንደ አዲስ ይገዛሉ። 12,000 ተማሪ ላለው ዲስትሪክት ለአንድ ልጅ 30 ዶላር ብንይዝ በዓመት 360,000፣ በ7 ዓመት ከ2.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይሆናል። የኮምፒውተር ፈቃድ እድሳት፣ የተተኪ መምህራን ክፍያና ሥልጠና ከዚህ ውጭ ናቸው። ብዙ ዲስትሪክቶች በወረርሽኙ ጊዜ በመጣው የፌዴራል ገንዘብ ካሪኩለም ገዝተው ነበር፤ የዚያ ገንዘብ የመጨረሻው ዙር ውል የሚገባበት ጊዜ በመስከረም 2024 ተዘጋ፤ እድሳቱ ግን መደበኛው በጀት ላይ ወድቋል።

እንግዲህ በኮሚቴው ውስጥ ወንበር እንጠይቅ። በዋሽንግተን ክልል ሕግ ቦርዱ ከፈቀደ ወላጆች በማስተማሪያ መጻሕፍት ኮሚቴ መግባት ይችላሉ፤ ቁጥራቸው ከግማሽ በታች መሆን አለበት እንጂ በሩ ክፍት ነው። በዚያው ሕግ ዲስትሪክቱ ስለ መጻሕፍቱ በጽሑፍ የሚቀርብ አቤቱታ ተቀብሎ ውሳኔ የሚሰጥበት ሥርዓት ሊኖረው ይገባል። ሌላ ክልል ያላችሁም ለካሪኩለም ክፍሉ ሦስት ጥያቄ በኢሜይል ላኩ፦ የላንጉጅ አርትስ ካሪኩለም ቀጥሎ የሚታየው መቼ ነው? የኮሚቴው አባላት እንዴት ይመረጣሉ? የመመዘኛ ሰንጠረዡ ረቂቅ ለሕዝብ ይቀርባል? ኮሚቴ ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ ከአሳታሚዎች ጋር ያለውን ግንኙነት በጽሑፍ ማሳወቁም ይጠየቅ። ሞንጎመሪ ካውንቲ በ2018 የካሪኩለም ግዢውን የጥቅም ግጭት ጥያቄ ተነሥቶበት ከመሐል አቋርጦ እንደገና ለመጀመር ተገድዷል። ቦርድ ፊት ለመናገር የሚሰጠው ጊዜ ብዙውን ጊዜ 2 ወይም 3 ደቂቃ ነው፤ አስተርጓሚ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ፤ የአስተርጓሚው ጊዜ ከደቂቃችሁ እንዳይቀነስም አብራችሁ አሳስቡ።

ካሪኩለሙ ከጸደቀ በኋላ ደግሞ ዓይናችን ሥልጠናው ላይ ይሁን። የሚሲሲፒ አራተኛ ክፍል ተማሪዎች በ2019 በብሔራዊው የንባብ ፈተና የአገሪቱን አማካይ ደርሰዋል። ክልሉ መምህራንን በንባብ ትምህርት ሳይንስ አሠልጥኖ፣ ደካማ ውጤት ወዳላቸው ትምህርት ቤቶች የንባብ አሠልጣኞች ልኮ ነበር። ስለዚህ ዲስትሪክታችሁ ውሉን ሲፈርም በመጀመሪያው ዓመት ስንት አሠልጣኝ ለስንት ትምህርት ቤት እንደተመደበ ጠይቁ። በትምህርት ዘመኑ አጋማሽ የንባብ ማጣሪያ ፈተናው ውጤት ሲወጣም የኢሶል ልጆች ውጤት ለብቻው ተለይቶ ለቦርዱ እንዲቀርብ ከአሁኑ በጽሑፍ አስፍሩ።