መነኩሴው ቆቡን ለምን ቀደደ?

«አይ እቴ፣ አንቺስ ጊዜ አለሽ!»

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሹራብ እየሠራች ይህን ያልተባለች ሴት ካለች በሯን ዘግታ የምትሠራ ብቻ ናት። ታክሲ ተራ ቆማ ክሯን ከቦርሳዋ ብቅ ስታደርግ ይሏታል። ቡናው እስኪፈላ ሁለት ረድፍ ስታክል ይሏታል። ሐኪም ቤት ካርድ አውጥታ ስሟ እስኪጠራ ስትሠራም ይሏታል። ተናጋሪዎቹ እየሮጡ ያለፉ ሰዎች ቢሆኑ ባልከፋ ነበር። እነሱ ግን እዚያው አግዳሚ ላይ አጠገቧ ተቀምጠው፣ ስልካቸውን በአውራ ጣት ወደ ላይ እየገፉ፣ የማያውቁትን ሰው ሠርግ ከሽምግልናው እስከ ቅልቅሉ የሚያዩ ናቸው። ሁለቱም ተራ ይጠብቃሉ። ስማቸው ሲጠራ አንዷ የሕፃን ኮፍያ ሩብ ይዛ ትነሣለች፣ ሌላዋ ባትሪዋ አልቆ ትነሣለች። ጊዜ ያላት ግን የመጀመሪያዋ ናት ተባለ።

ጊዜ ከተነሣ አይቀር እንቁጠረው። ደረቱ ዙሪያውን 90 ሳንቲ ሜትር የሚወጣ ሹራብ፣ መካከለኛ ውፍረት ባለው ክርና በ4 ሚሊ ሜትር መርፌ ሲሠራ፣ በ10 ሳንቲ ሜትር ላይ 22 ዐይን (መርፌው ላይ የሚያዘው የክር ቀለበት) በአግድም፣ 30 ረድፍ በቁመት ያርፋል። ዙሪያው 198 ዐይን ነው ማለት ነው። ቁመቱ 65 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 195 ረድፍ። ሁለቱ ሲባዙ 38,610። ብብቱና አንገቱ ጥቂት ይቀንሱለታል፤ ሁለቱ እጅጌዎች ግን ከ15,000 በላይ ይጨምሩበታል። በደፈናው 50,000 እንበል። እጇ የለመደ ሴት በደቂቃ 25 ብትሠራ 2,000 ደቂቃ፣ ከ33 ሰዓት በላይ ይሆናል። መጋጠሚያውን መስፋት፣ የክሩን ጫፎች ውስጥ ለውስጥ መደበቅ፣ አጥቦ ዘርግቶ ማድረቅ አልተቆጠረም። ልጅ አለቀሰ፣ መብራት ሄደ፣ ጎረቤት መጣ የሚባለውም አልተቆጠረም። በዚህ አገር 33 ሰዓት ተጠቅልሎ የተቀመጠለት ሰው ካለ ሹራብ አይሠራም፤ ያስገዛል።

እንግዲህ ይህ የሚሠራው በፍርፋሪ ጊዜ ነው፤ ፍርፋሪውን ለመልቀምም ዘዴ አለው። ሁለት ሥራ ጎን ለጎን ይጀመራል፦ አንዱ የመንገድ፣ አንዱ የቤት። የመንገዱ ሳያዩት በእጅ ብቻ የሚሄድ መሆን አለበት፤ ኮፍያ፣ የአንገት ልብስ፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለው የካልሲ እግር። ቆጠራ የሚጠይቀው፣ ሁለት ቀለም የሚፈራረቅበት ቤት ይቆያል። ቆጠራ ያለበትን ሥራ ይዛ ሚኒባስ የገባች ሴት ጠባሴ ሳትደርስ የትኛው ዐይን ላይ እንደነበረች ይጠፋባታል፤ ረዳቱ ሂሳብ ሲላት ሃያ ሦስት ትለዋለች። መርፌውም በገመድ የተያያዘው ይሁን። ረጅሙና ቀጥ ያለው የጎረቤትን ጎድን ይወጋል፣ አንዱ ከወደቀም ወንበር ሥር ገብቶ ይቀራል።

ረድፍ መሃል ላይ ማቆም ክልክል ነው። «ወራጅ አለ» ቢባልም ረድፉ ይጨረስ። መሃል ላይ የቆመ ሥራ ማታ ሲነሣ በየት በኩል ይሄድ እንደነበር አይታወቅም፤ ወደ መጡበት ከዞሩ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይቀራል። የሚታየው በማግስቱ አይደለም፤ ስምንት ጣት ካለፉት በኋላ ነው። ረድፍ ለመቁጠር የስልክ መተግበሪያ የሚያወርዱ አሉ፤ በየ10ኛው ረድፍ የሌላ ቀለም ብጣሽ ክር ማሰር ይበልጣል። ብጣሹን ሕፃን አይጫነውም፣ ባትሪም አይጨርስም።

የእድር ስብሰባ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። ጥግ ይዞ፣ ራስን አቀርቅሮ፣ የተባለውን ሁሉ እየሰሙ አንድ የልጅ እጅጌ ይወጣል። ይህ ግን ንቀት ነው ተባለ! ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ የሚያንኮራፋው ሰው አልናቀም። ደብቆ መልእክት የሚጽፈው አልናቀም። የድንኳኑ ኪራይ ስንት እንደተጨመረ፣ ማን ወርሃዊ እንዳልከፈለ፣ ስንት ብረት ድስት እንደጠፋ ቃል በቃል የምትደግመው ሴት ግን እጇ ስለተንቀሳቀሰ ናቀች። እጅን ጭን ላይ አጣጥፎ መቀመጥ ማዳመጥ ነው ያለን ማን እንደሆነ ቢታወቅ መልካም ነበር። ይህችን ነገር በቀልድ ማለፍ አይቻልም፤ በየዓመቱ ያው ንግግር፣ በየዓመቱ ያው ግልምጫ። ለወለደች አባል የሚሄደው ሹራብ ከየት እንደሚመጣ ግን የሚጠይቅ የለም።

ከሁሉ የሚብሰው ስትተረትር የሚሏት ነው። ሠርታ ሠርታ፣ ብብቱ ጋ ስትደርስ ስህተት አይታ፣ መርፌውን መዝዛ ክሩን ስትጎትተው የሚያይ ሁሉ አንድ ተረት አለው፦ «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል።» ተረቱን እወደዋለሁ። ከአማርኛ ተረቶች አንዱን ምረጥ ብባል እሱን ነው የምመርጠው፤ በዐሥር ጣት የማይሞላ ቃል ውስጥ ሰው አለ፣ ሥራ አለ፣ ቅሌት አለ። ግን መነኩሴው ለምን ቀደደ ብሎ የጠየቀ የለም። ምናልባት ቆቡ በፈላ ውሃ ታጥቦ ጠብቦበት ይሆናል፤ ሱፍ በሙቅ ውሃ ከታሸ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠነክራል፣ ከዚያ ወዲያ መቀስ እንጂ መርፌ አይፈታውም። ምናልባት የመጀመሪያውን የሰፋለት ሌላ ሰው ነው። ቆቡ ቅንድቡ ላይ እየወረደበት ዳዊት ሲደግም ዝም ይበል? ቀደደ፣ ለካ፣ ሰፋ። ይህ ሥራ የፈታ ሰው አይደለም፤ ልኩን የሚያውቅ ሰው ነው።

መተርተር የሚመጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ካለመለካት ነው። መጀመሪያ 15 ሳንቲ ሜትር በ15 የሆነች የሙከራ ቁራጭ ትሠራለች፤ ትታጠባለች፣ ትደርቃለች፣ መሃሏ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ተለክቶ ዐይኖቹ ይቆጠራሉ። ይህን የሚወድ የለም። «የእኔን እጅ አውቀዋለሁ» ይባላል። በ10 ሳንቲ ሜትር 22 ዐይን የተባለው 20 ቢወጣስ? 198ቱ ዐይኖች 90 መሆናቸው ቀርቶ 99 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ። ለባል የተጀመረ ሹራብ ለአማት ወንድም ይደርሳል። ልቅ የሆነ እጅ ያላት በ3.5 መርፌ ትሞክር፣ ጠባቃዋ በ4.5።

ተተርትሮ የወጣውም ክር እንደተጨማደደ መልሶ አይሠራበትም፤ ዐይኑ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ይሆናል፣ ልኩም ይዋሻል። በወንበር መደገፊያ ላይ ይጠመጠምና ቱባ ይሆናል። አራት ቦታ ላይ ላላ ተደርጎ ይታሰራል፤ ከጠበቀ ውሃ አያስገባም፣ ካልታሰረ ደግሞ ተወሳስቦ የቤተሰብ ጠብ ያመጣል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ፣ ሳይጨመቅ በፎጣ ተጭኖ፣ ጥላ ላይ ይሰቀላል። ሱፍ ቀጥ ይላል። አክሪሊክ፣ ያ የፕላስቲክ ክር፣ ግን የድሮውን መታጠፊያ ጨርሶ አይረሳም። አክሪሊክን በካውያ ላስተካክል ያለች ደግሞ ሹራቧን ለዘለዓለም ታሰናብተዋለች፤ ይለጠጣል፣ ይልፈሰፈሳል፣ ወደ ነበረበትም አይመለስም።

ወደ ክሩ ግዢ ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ክር መግዛትና ሹራብ መሥራት ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው ጊዜ አይጠይቅም፣ ስለዚህ ሁሉም ተክኖበታል። አልጋ ሥር ያለውን ማዳበሪያ ከረጢት እየረገጠ «ይህ ሁሉ ለምንድን ነው?» የሚል ባል ግን አንድ ነገር ይስማ። ለአንድ አዋቂ ሹራብ 1,300 ሜትር አካባቢ ያስፈልጋል፤ 100 ግራሙ 200 ሜትር የሚወጣ ክር ከሆነ ሰባት ጥቅል ነው። ስምንት ይገዛል። ምክንያቱም ጥቅሉ ላይ ያለው ወረቀት ከቀለሙ ቁጥር ሌላ ሁለተኛ ቁጥር አለው፤ አብሮ በአንድ በርሜል የተነከረውን የሚለይ ነው። ስምንተኛውን በኋላ እገዛለሁ ያለች ሴት ቀለሙን ታገኛለች፣ ሁለተኛውን ቁጥር አታገኝም፤ ግራ እጅጌዋ በጠራራ ፀሐይ ከቀኙ ይለያል። ባለ ሱቁ «ያው ነው» ይላል። ለእሱ ያው ነው፤ የሱቁ መብራት ሥር ቡናማና ወይን ጠጅም ያው ናቸው። የግድ ከሆነ ሁለት ረድፍ ከአንዱ፣ ሁለት ረድፍ ከሌላው እያፈራረቁ መሥራት ልዩነቱን ይሰውረዋል።

130 ኪሎ ሜትር ርቃ ካለችው አዲስ አበባ በሰው ማስመጣትም አለ። ፎቶ በቴሌግራም ይላካል። በስልክ ላይ የጤፍ ቡቃያ የመሰለው አረንጓዴ መርካቶ ሲደርስ የወታደር ይሆናል፤ መልእክተኛው «አረንጓዴ ብለሽኝ አልነበረም?» ይላል፣ ልክም ነው። ፎቶ አይላክ። አንድ ጣት ርዝመት ያለው ክር ከነወረቀቱ በፖስታ ታሽጎ በሚሄደው ሰው ኪስ ይግባ።

ይህን ሁሉ የምንደክመው ደግሞ መንዝን ከአፍንጫችን ሥር አስቀምጠን ነው። እዚህ ላይ ንዴቴን አልደብቅም። በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች፣ 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ፣ ጀርባዋ ላይ ፀጉራሙ የመንዝ በግ ተሰማርቶ፣ ሹራቧን ከባሕር ማዶ በመጣ ፕላስቲክ ትሠራለች። በዓል ሲሆን በርኖስ ተደርቦ ፎቶ ይነሡበታል፤ በርኖሱን የፈተለችውን እናት ግን «አሁንም እንዝርት?» ይሏታል። ከበግ ፀጉር የሚሠሩት ብርድ ልብሶች፣ ዝተትና ባና፣ ሲወረሱ እንጂ ሲገዙ የሚያይ ሰው እያነሰ ነው። የሚሰጠው ምክንያት «ይኮሰኩሳል» የሚል ነው። አዎ፣ ይኮሰኩሳል። የመንዝ በግ ፀጉር ረጅምና ሻካራ ነው፤ ለአራስ ልጅ አንገት የሚሆን አይደለም። ከሸሚዝ በላይ ለሚደረብ ሰደርያ፣ ለቦርሳ፣ ለምንጣፍ፣ ጫማ ውስጥ ለሚገባ ወፍራም ካልሲ ግን ምን ወጣለት?

ሞክረው «ሹራቡ ተጣመመብኝ» ያሉም አሉ። በእንዝርት የወጣ ነጠላ ፈትል ጥምዝማዜው ስላላረፈ ሹራቡን ወደ አንድ ወገን ይጎትተዋል፣ የጎኑ ስፌት ወደ እምብርት ይዞራል። ሁለት ልቃቂት ወስዶ መጀመሪያ ከተፈተለበት በተቃራኒ አቅጣጫ በአንድነት መግመድ ነው። ከዚያ ቱባውን ለብ ባለ ውሃ ነክሮ ማድረቅ። ጠጉሩ ከመፈተሉ በፊት በጣም በሳሙና አይገፈፍ፤ ትንሽ ቅባት ሲቀርበት ለእጅም ይለዝባል፣ ካፊያም ቶሎ አያስገባም። ሽታው? በግ በግ ይላል። በግ ነዋ!

የዳንቴልን ነገር ጀምሬ ባልጨርሰው ይሻላል። ቴሌቪዥኑ እንደ ሳጥን ወፍራም በነበረበት ዘመን ላዩ ላይ ባለ አበባ ዳንቴል ነበረው፤ አሁን ቴሌቪዥኑ ቀጥኖ ግድግዳ ላይ ወጣና ዳንቴሉ መቀመጫ አጣ። ፍሪጅ ላይ ወጣ፣ ከዚያ ዲኮደር ላይ ወረደ፤ ዲኮደሩ አየር አጥቶ ጋለ። የኪሮሽ ሥራ ከሹራብ መርፌ ሥራ ሲነጻጸር ሲሶ ያህል ተጨማሪ ክር መብላቱም መታወቅ አለበት፤ ያንን ያህል ክር ዲኮደር ለማፈን ማዋል ብክነት ነው።

ወዴት ነበርን? ጊዜ። «ጊዜ አለሽ» ያለችው ሴት እዚያ ላይ አታቆምም፤ ኅዳር ገብቶ ሌሊቱ ሲያወርጭ ትመለሳለች። «እታለም፣ ለእኔም ልጅ አንድ ብታደርጊለት፤ ለገና ይደርሳል አይደል?» 33 ሰዓቱ የአዋቂ ነው፤ የልጁ ያንሳል፣ ይሁን። ግን በነሐሴ የት ነበረች? ለሁለት ዓመት ልጅ 200 ግራም ክር ይበቃል፣ ሁለተኛው ቁጥር አንድ መሆኑን አይታ ትግዛ። የደረቱን ዙሪያ በሜትር ለክታ ታምጣ፤ በዚያ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ይጨመርበታል። «ከእህቴ ልጅ ትንሽ ይበልጣል» የሚባል ልክ የለም። የዚህ ዕድሜ ልጅ ጭንቅላት ከደረቱ ብዙም አያንስም፤ አንገቱ ተጠጋግቶ ከተዘጋ ልጁ ሲለብስ ያለቅሳል፣ እናቱ ጎትታ ትቀደዋለች። ስለዚህ በግራ ትከሻው ላይ ለሦስት ቁልፍ የሚሆን ክፍት ይተዋል። ቁልፉንም ራሷ ትግዛ፤ ጠፍጣፋ ይሁን፣ ሲተኛ እንዳይቆረቁረው።