የፈጣን ፊርማ ውዳሴ

«ክቡራን መንገደኞቻችን፣ ጥቂት የወረቀት ሥራ ስለቀረን ለመዘግየታችን ይቅርታ እንጠይቃለን።» ሰሞኑን ይቺው ማስታወቂያ እንደገና ተሰማች። በሩ ተዘግቷል፣ ቀበቶ ታስሯል፣ ሦስት ሕፃናት በየተራ ያለቅሳሉ። «ጥቂት» የተባለው ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። ነገሩ ሲጣራ አውሮፕላኑ በሌላ ተቀይሯል፤ የተፈረመበት የበረራ ሰነድ ግን አሁንም የቀድሞውን አውሮፕላን የጭራ ቁጥር፣ ማለትም እንደ መኪና ታርጋ ያለውን መለያ፣ ይዟል። ካፒቴኑ አንብቦ አልፈረመም ማለት ሐሜት ይሆናል፤ ፈርሞ ሊያነብ አስቦ ነበር እንበል።

ዛሬ የምናወድሰው እሱን ነው። የጭራ ቁጥር ደግሞ ምን አላት? እርግጥ እያንዳንዱ አውሮፕላን የራሱ ባዶ ክብደት፣ የራሱ የነዳጅ አጠጣጥ፣ ጥገናው ለሌላ ቀን የተላለፈ የራሱ ብልሽት አለው። የአንዱን ወረቀት ለሌላው ማዋል የጎረቤት መነጽር አድርጎ መኪና እንደ መንዳት ነው። ቢሆንም መነጽር መነጽር ነው።

የቀን አጻጻፉም ያስቀናል። የበረራ ሰነድ የሚጻፈው ዓለም ሁሉ በሚጋራው የበረራ ሰዓት፣ በዙሉ ነው፤ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ። ከአዲስ አበባ ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል የሚነሳ በረራ ቲኬቱ ላይ ማክሰኞ 02:30 ይባላል፤ በዙሉ ግን ሰኞ 23:30 ነው። ማንኛዋንም እማማ ብትጠይቁ «ገና የሰኞ ሌሊት ነው» ትላለች። ዙሉንም ሳትማር ልክ ናት። ትከሻው ላይ ባለ አራት መስመሩ ካፒቴን ግን ማክሰኞ ብሎ ይጽፋል፤ ቀን ማሳጠር ይችልበታል።

የፈጣን ፊርማ ዋና ድግስ ግን እ.ኤ.አ. በማርች 2009 ሜልበርን ላይ ተበልቷል። አንድ ኤርባስ ኤ340-500 ለመነሳት ተዘጋጀ። አብራሪው ክብደቱን ላፕቶፕ ላይ ይጽፋል፤ ላፕቶፑ ደግሞ በስንት ፍጥነት አፍንጫው እንደሚነሳና ሞተሩ ምን ያህል ጉልበት እንደሚበቃው ይነግረዋል። ማሽን የዋህ ነው፤ «ቀሎኛል» ካሉት ቀለል ያለ ጉልበት ይሰጣል። መጻፍ የነበረበት 362.9 ቶን፣ የተጻፈው 262.9 ነው። 2 እና 3 በቁልፍ ሰሌዳው ላይ ጎረቤት ናቸው፤ ጎረቤት ደግሞ ይደራረሳል።

መቶ ቶን፣ በኩንታል አንድ ሺህ። እህል በረንዳ አንዲት ኩንታል ጤፍ ብትጎድል ደላላው ከባለ ሚዛኑ፣ ባለ ሚዛኑ ከተሸካሚው ይናነቃሉ። እዚህ ግን ሃምሳ ሃምሳ ኩንታል የጫኑ ሃያ አይሱዙዎች ሁለት ቁልፎች መሃል ገብተው ጠፉ። እስቲ አስቡት፤ ሃያ አይሱዙ ተሰልፎ በኮክፒቱ መስኮት ሥር ያልፋል። ሸራው ይርገበገባል። አንዱ ጡሩምባውን ይነፋል፣ የአንዱ የኋላ ጎማ ተንፍሷል፣ አንዱ ሾፌር በመስኮት ወጥቶ ከፊቱ ካለው ጋር ይሰዳደባል። ሰባተኛው ላይ ሦስት ሰው ጆንያ ላይ ተኝቷል። አሥራ አራተኛው ቆሞ ውሃ ይሞላል። ረዳቶቹ በር ላይ ተንጠልጥለው የኮክፒቱን መስታወት ያንኳኳሉ። ውስጥ አራት አብራሪዎች አሉ፤ አዎ፣ አራት። የመጨረሻው አይሱዙ ረዳት «ኧረ አለን!» ብሎ ሲጮህ «ቼክድ»፣ ማለትም «ተጣርቷል»፣ የሚል መልስ አገኘ። ትክክለኛው ክብደት ደግሞ እዚያው፣ የበረራ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

አውሮፕላኑ ጭራውን አስፋልት ላይ እየፋቀ ማኮብኮቢያውን ጨርሶ አለፈ፤ መብራትና አንቴና ገጭቶ ተነሳ። መጨረሻ ላይ ካፒቴኑ ሙሉ ጉልበት ስለሰጠው 275 ሰው በሕይወት ወረደ።

ከዚህ ሲወዳደር እ.ኤ.አ. በ2020 ከበርሚንግሃም ወደ ማዮርካ የተነሳው ቦይንግ 737 አውሮፕላን ጨዋታ ነው። ኮምፒዩተሩ «ሚስ» የተባለችን ሁሉ ሕፃን አድርጎ 38 ሴቶችን ከ69 ኪሎ ወደ 35 ኪሎ አወረዳቸው። የአውሮፕላኑ ክብደት የሚጻፍበት ወረቀት፣ ሎድ ሺቱ፣ በ1,244 ኪሎ ቀለለ። 29 ሲጠበቁ 65 ልጆች ተመዘገቡ፤ ወረቀቱም አለፈ። በዚህ ሒሳብ አርባ ዓመት የሞላት ወይዘሪት ሁሉ ጡጦ ልትጠየቅ ነው።

ሽሙጡ ይቁም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2004 ሃሊፋክስ ላይ አንድ 747 የጭነት አውሮፕላን ለመነሳት ሲንደረደር ጉልበት አጥሮት ከማኮብኮቢያው ማዶ ካለ የአፈር ክምር ጋር ተላተመ። መርማሪዎቹ እንደደረሱበት፣ ስሌቱ የተሠራው ከቀደመው በረራ በቀረ ክብደት ሳይሆን አይቀርም። ሰባት ሰው ተሳፍሮ ነበር፤ ሰባቱም ሞቱ። መከላከያው አምስት ሳንቲም አያስወጣም። ሁለቱ አብራሪዎች የሌላውን ስክሪን ሳያዩ ለየብቻ ያስሉ፤ ነዳጁ ሳይቆጠር ያለውን ክብደትና ነዳጁን በእጃቸው ይደምሩ፤ ድምሩ ከሎድ ሺቱ ካልገጠመ አይንቀሳቀሱ። አንዱ ቁጥር ሲያነብ ሌላው አንገቱን ሳያቀና «ቼክድ» ካለ እሱ አሜን ማለት እንጂ ማጣራት አይደለም። አሜን የሚባልበት ቦታ ሌላ ነው! በሩ ላይ ቆሞ «ስሎታችን፣ የመነሻ ተራችን፣ አለፈ» እያለ ሰዓቱን የሚያሳየውም ሰውዬ ፊርማው ወረቀቱ ላይ ባይኖርም እጁ አለበት።

ወደ ውዳሴያችን እንመለስ። በሃምሳኛው ደቂቃ አዲሱ ሰነድ ታትሞ መጣ፤ የጭራ ቁጥሩ ተስተካክሏል፣ ነዳጁ እንደገና ተሰልቷል፣ ገጹ ብዙ ነው። ያመጣው ልጅ ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ ተፈርሞ ተመለሰለት ይባላል።