አባ ኮዳ ሌባ ነው?

የእድራችን ኮምፒውተር ባለፈው ወር አረፈ። እድርተኛ ስላልነበረ ድንኳን አልተተከለለትም። ዕድሜው ሃያን ተሻግሯል። የተጫነበት ዊንዶውስ ኤክስፒ ነበር። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ መጋቢት 30 ቀን 2006 ላይ ቢያቆምም እኛ ግን አላቆምንም። ሠሪው ከካደው በኋላ እንኳ ስንት ዓመት ሙሉ መዋጮ ሲቆጥር፣ ከለቅሶ የቀረ ሲቀጣ ኖሯል። ነፍስ ይማር።

እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። ሐዋሳ ላይ የእድር ጸሐፊ መሆን ማለት እሁድ ጠዋት ሰው ሁሉ ሐይቅ ዳር ሲንሸራሸር፣ አንተ ዛፍ ሥር ተቀምጠህ ማን መጣ፣ ማን ቀረ እያልክ ትጽፋለህ ማለት ነው። የሟቹን ሃርድ ዲስክ አስፈታሁና ፋይሎቹን አዲስ ላፕቶፕ ላይ አስገለበጥኩ። «የአባላት መዝገብ» የሚለውን ከፈትኩት። ስም መኖር በነበረበት ቦታ የፈረንጅ ፊደል፣ ቅንፍ፣ የዶላር ምልክት፣ ኮከብ ተሰድሯል። የእድሩ ዳኛ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። መልሰው አደረጉና አዩት።

«ይሄማ ጠልሰም ነው» አሉ።

ጠልሰም አይደለም፤ የድሮ የኮምፒውተር አማርኛ ነው። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ ቁጥር ነው የሚያውቀው። የእኛ ፊደል ዓለም የተስማማበትን የዩኒኮድ ቁጥሩን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የሚሠራ ሁሉ የየራሱን መላ ይመታ ነበር። መላው ደባልነት ነው። የፈረንጁን ፊደል ከቤቱ ያስወጣና «ሀ»ን ያስገባበታል። አንዱ ፕሮግራም ዘንድ «መ» የገባበት ክፍል ሌላው ዘንድ «ጨ» ተኝቶበታል። ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም ብዙ ሰው በለመደው ነበር የቀጠለው። እኛንም ጨምሮ። ያ ፕሮግራም ከነፎንቱ ከሌለ ታዲያ ፈረንጁ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ የእድርተኛው ስም ሜዳ ላይ ይቀራል።

ፕሮግራሙን ገዝቶ መጫን ነዋ! እንዳትሉኝ። መሸጥ ካቆመ ቆይቷል። ስሙን አልጠራም፤ ባለቤቱ ሰምቶ የሃያ ዓመት ሒሳብ እንዳይልክብን። ሱቅ የለው፣ ስልክ የለው፣ ወኪል የለው።

ጊዜ ደግሞ አልነበረንም። በዚያው ሳምንት የአንድ አባላችን አማት አርፈዋል። አማት የተመዘገቡ ከሆነ የሚከፈለው ሌላ ነው፣ ካልተመዘገቡ ሌላ ነው። አባላችን «በ1997 በእጄ አስመዝግቤያለሁ» ይላሉ። መዝገቡ ያለው ጠልሰሙ ውስጥ ነው። ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ሆኗል።

ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ አለ። ጠረጴዛው ሥር አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ሲዲ አስቀምጧል። ሁሉም ላይ በማርከር ተጽፎባቸዋል። አንዱን አነሳሁት። «ኦሪጅናል ክራክ» ይላል። ክራክ ማለት ያለ ክፍያ እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም ነው። ትንሽ አሰብኩበት። በዋናው ሌባ እጅ የተሰበረ ማለት መሆን አለበት።

«የምትለው ፕሮግራም አለኝ፣ ጋሼ» አለኝ። «400 ብር።»

«ፕሮግራሙ?»

«ኧረ ፕሮግራሙ ነጻ ነው! መጫኛው ነው 400።»

ለ400 ብር የኮሚቴ ውሳኔ ያስፈልጋል። ልጁን ይዤው ስብሰባ ገባሁ። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ መስሎኝ ነበር። ገንዘብ ያዣችን እትዬ፣ ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩ ሴት ናቸው፣ አንዲት ጥያቄ ጠየቁ።

«ባለቤቱ ፈቅዷል?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ልጁ ግን አልደነገጠም።

«እትዬ፣ ባለቤቱ እኮ ትቶታል። አይሸጠው፣ አይጠቀምበት። ገንዘብ ይዤ መጣሁ ቢሉት የሚቀበል የለም። አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያው፣ ሄደው አያውቁም? ዓሣ አጥማጁ ሆድ ዕቃውን አውጥቶ ይጥላል። አባ ኮዳ ያነሳል። አባ ኮዳ ሌባ ነው?»

አባ ኮዳን ለማታውቁት፦ ቆሞ ሲታይ ጥቁር ካፖርት የደረበ መላጣ ሽማግሌ ይመስላል። አንገቱ ሥር ከረጢት ተንጠልጥሏል። ጠዋት ጀልባ ሲመጣ ከአጥማጁ ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ ይቆማል። አይለምንም፣ አይሻማም፣ አይጮኽም። ቀጠሮ ተይዞለት ቢሮ በር ላይ እንደሚጠብቅ ባለጉዳይ ብቻ ይጠብቃል። ቢላዋው ሆዱን ሰንጥቆ አንጀቱ መሬት ሲወርድ አንድ እርምጃ ይራመዳል፣ ይውጣል፣ ወደ ቦታው ይመለሳል። እኔ በበኩሌ ከዚህ ወፍ የተሻለ ሥርዓት ያለው እድርተኛ አላየሁም።

ኮሚቴው በምሳሌው ተረታ። ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያልተረቱት ጡረታ የወጡት የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ብቻ ናቸው።

«ልጄ፣ ልክ ነህ» ብለው ጀመሩ። «ስርቆት ማለት ተንቀሳቃሽ ዕቃን ከሰው እጅ መውሰድ ነው። ስትገለብጥ ዕቃው ባለበት ይቀራል። ሌባ አይደለህም።»

ልጁ ፈገግ አለ። እኔ ግን የፍርድ ቤት ሰው በ«ልክ ነህ» ከጀመረ «ግን» እንደሚከተል አውቃለሁ።

«ግን አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ። የኮምፒውተር ፕሮግራም እዚያ ውስጥ ልክ እንደ መጽሐፍ ይጠበቃል። ደራሲው ሞቶ እንኳ 50 ዓመት። መሸጥ ያቆመ ሰው መብቱ ያቆማል የሚል ነገር የለበትም። አዋጁ ሲወጣ ሆን ብሎ ለጣሰ ያስቀመጠው ቅጣት ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ነበር።»

«ተራ ስርቆትስ?» አሉ ዳኛው።

«ቢከፋ 5 ዓመት።»

ዳኛው ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ዶሮ ብንሰርቅ ይሻለናል» አሉ።

«አዋጁ ኋላ ተሻሽሏል» አሉ ሬጅስትራሩ፣ ለማጽናናት ያህል። «መውጫም አለው። ፕሮግራሙን በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው ለመጠባበቂያ አንድ ቅጂ ማስቀረት ይችላል። የኛ ኦሪጅናል የት ነው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

እንግዲህ ይህን ስብሰባው ላይ አላነሳሁም፣ ከእናንተ ግን አልደብቅም። በ1997 ፕሮግራሙን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከምሠራበት ቢሮ በሲዲ ገልብጬ። ያኔ ተጨብጭቦልኛል። ዳኛው ራሳቸው «እድሩን ከወጪ ያዳነ ልጅ» ብለው መርቀውኛል። ያኔ ፕሮግራሙ ገበያ ላይ ነበር። የሚሸጥበት ሱቅ፣ የሚሸጥ ሰው፣ የሚቆረጥ ደረሰኝ ነበረው። ገንዘብም ነበረን። በዚያው ዓመት ድንኳን በደረሰኝ ገዝተናል፣ ሃያ አራት ወንበር በደረሰኝ ገዝተናል። ኮምፒውተሩንም ቢሆን ከነጠረጴዛው በደረሰኝ ነው የገዛነው። ፕሮግራሙን ግን መግዛት የሚባል ነገር ያሰበ ሰው አልነበረም። አየር የሚገዛ ሰው አለ?

እኛ ብቻ እንዳንመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1976፣ እኛ ዘንድ ደርግ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ ቢል ጌትስ የሚባል የ20 ዓመት ልጅ ለኮምፒውተር ወዳጆች ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። አልቴር ለሚባለው ኮምፒውተር ከጓደኛው ጋር የሠራው ፕሮግራም ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ አስመርሮታል። ነገሩ ሲጨመቅ፣ አብዛኛችሁ ትሰርቃላችሁ፤ ለዕቃው ሲሆን ትከፍላላችሁ፣ ለሶፍትዌሩ ሲሆን ግን ተካፍለን እንብላ ትላላችሁ ነው የሚለው። ሰውዬው የኛን ድንኳንና ወንበር ያየ ነው የሚመስለው።

አሞራ ገደልን የጠቀሰው ልጅ ታዲያ አንድ እንስሳ ረስቷል። ሐይቅ ዳር ጦጣም አለች። ቡናህን ይዘህ ወደ ውኃው ዞር ስትል ከዛፍ ዱብ ትልና ዳቦህን ይዛ ትወጣለች። እላይ ሆና እያየችህ ትበላዋለች። ሐዋሳ ላይ አባ ኮዳን ሌባ የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ጦጣዋን ግን ሕፃን ሁሉ «ሌባ!» እያለ ነው የሚያባርራት። በ1997 እኛ ጦጣ ነበርን። ዳቦው ሳህን ላይ ነበር። ዛሬ ካፖርት ደርበን፣ ሁለት ሜትር ራቅ ብለን ቆመን፣ የተጣለ ነው የምናነሳው እንላለን።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የማይሸጥ የማይለወጥ ፕሮግራም ገልብጦ የሐዘንተኛን ጉዳይ መጨረስ ኃጢአት አይመስለኝም። አይሸጥ፣ አይስጥ፣ ግን የኔ ነው የሚል ባለቤት ላም አለኝ በሰማይ ነው። ይሁንና መተውና መስጠትን ባናምታታ ደስ ይለኛል። የሰጠማ ይታወቃል። ያው ማይክሮሶፍት ዶስ 4.0 የሚባለውን የ1980ዎቹን ፕሮግራሙን እ.ኤ.አ. በ2024 ከነአሠራሩ አውጥቶ፣ ማንም ይጠቀምበት ብሎ፣ ፈቃዱን በጽሑፍ አስቀምጧል። ይሄ መስጠት ነው። የኛው ባለቤት ሱቁን ዘግቶ ሄደ እንጂ ውሰዱ አላለም። ጎረቤት አሜሪካ ሄዶ ግቢው ዳዋ ቢበላው፣ በጉን የሚያሰማራ አይጠፋም፤ በሩን ነቅሎ የሚወስድ ግን ሰፈሩ ዝም አይለውም።

ይህን ሁሉ ስብሰባው ላይ አላልኩም። እኔ ያልኩት «ኦሪጅናሉ ሳይጠፋ አይቀርም» ነው።

በመጨረሻ መላ ያመጡት ያው እትዬ ናቸው። «ይጫን። ዋጋውን ግን በእዳ መዝገብ ጻፈው። ባለቤቱ የመጣ ቀን እንከፍለዋለን።» ሁሉም ተስማማ። ደስ የሚል ውሳኔ ነበር። ቃለ ጉባኤውን ጀመርኩ። «እድሩ ለፕሮግራሙ ባለቤት ወደፊት የሚከፍለው ብር...» ብዬ ቀና አልኩ።

«ስንት ልበል?»

ዳኛው ሬጅስትራሩን አዩ። ሬጅስትራሩ ልጁን አዩት። ልጁ እኔን አየኝ። ዋጋውን የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ይህን ያህል ዓመት በከተማው ስንት ቢሮና ስንት የጽሕፈት ቤት ሲገለብጠው፣ ስንት ነው ብሎ የጠየቀ ሰው አላጋጠመንም። ልጁን ጨምሮ። ክፍት ቦታ ትቼ አለፍኩ። እስከ ዛሬ ክፍት ነው።

ፕሮግራሙ ከልጁ ፍላሽ በአሥር ደቂቃ ተጫነ። ፋይሉን ከፈትኩት። ፈረንጁ ወጣ፣ ስሞቹ ወደየቤታቸው ገቡ። ዳኛው አባቶቻችን እያሉ በሞት የተለዩ አባላትን በጣታቸው እየነኩ አነበቡ። ለትንሽ ጊዜ ሕግም አዋጅም የተረሳ መሰለኝ። አማትየውም ተገኙ። በ1997 በትክክል ተመዝግበዋል። ከስማቸው ጎን በእኔው እጅ አንድ ማስታወሻ ሰፍሯል፦ «የመመዝገቢያ ቀሪ 15 ብር።»

እትዬ ክፍያውን ቆጥረው ፖስታ ውስጥ ከተቱ። ከዚያ 15 ብር መልሰው አወጡ።

«እትዬ፣ ሐዘንተኛ እኮ ናቸው» አልኩ።

«የእድር ገንዘብ አይበላም!» አሉኝ። ደረሰኝም ቆረጡ።

ማታ ስልኬ ጠራ። ልጁ ነው።

«ጋሼ፣ ፍላሼን ይዘውብኝ ሄደዋል።»

ኪሴን ዳበስኩ። እውነትም እኔ ዘንድ ነው።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ነገ ጠዋት አመጣልሃለሁ።»

«ችግር የለውም ጋሼ። ግን አደራዎን፣ ውስጡ ያለውን ሰው እንዳይገለብጥብኝ።»