ለክቡር የመሠረት ድንጋይ

ለክቡር የመሠረት ድንጋይ
ባሉበት፣ አዳማ

ጉዳዩ፦ ማስታወስዎን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፦ በሚያዝያ 2002 ዓ.ም.፣ የግንቦት 15ቱ ምርጫ ሳምንታት ሲቀሩት፣ ድንኳን ተጥሎና ሙዚቃ ተለቆ በሰፈራችን ክፍት ቦታ ላይ ሲተከሉ ከፊት ረድፍ ተቀምጬ አጨብጭቤያለሁ። በነጩ እብነ በረድዎ ላይ «ጤና ጣቢያ» የሚለው ቃል ከባለሥልጣኑ ስም ባነሰ ፊደል ተቀርጾ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፍየል ሲታከክብዎት፣ ልጆች የጎል ቋሚ ሲያደርጉዎት፣ የክረምቱ ጎርፍ ደለል ሲያለብስዎት ቃልዎን ሳያጥፉ ቆመው ኖረዋል።

ባለፈው ማክሰኞ በዚያው ቦታ ሌላ ድንኳን ተጣለ። አዲስ ሹም መጡ፤ አዲስ ድንጋይም በመጋረጃ ተሸፍኖ ቀረበ። እርስዎን በዓይኔ ስፈልግ ቆይቼ በመጨረሻ ያገኘሁዎት ከመድረኩ ሥር፣ የእንግዶቹ ጫማ ጭቃ እንዳይነካው በግንባርዎ ተደፍተው መወጣጫ ሆነው ነው። ኳስ የሸረፈውን ቀኝ ጥግዎን ባላውቀው ኖሮ አልለይዎትም ነበር። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ ሲባል ድምፅ ማጉያውን ተቀብዬ፣ የዚህ ጤና ጣቢያ መሠረት ቀድሞ እንደተጣለና ድንጋዩም እዚሁ ደረጃው ላይ እንደሚገኝ በትሕትና አስረዳሁ። ሹሙ ወደ ደረጃው አላዩም፤ ስልካቸውን አዩ። ከዚያም «አባባ፣ ማስረጃ አለዎት?» አሉኝ። ሕዝቡ ሳቀ። አስተባባሪው ወጣት ድምፅ ማጉያውን ከእጄ ቀስ አድርጎ ወስዶ «ያለፈውን ትተን ወደፊት እንይ» ሲል ጭብጨባው ቀለጠ፤ የእኔም እጅ፣ ምን ልበልዎ፣ ሳላዘው አብሮ አጨበጨበ።

በሦስተኛው ቀን ለሌላ ጉዳይ ከአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ብቆም የ2001 ዓ.ም. የቦታ ኪራይ ደረሰኝ ካላመጣሁ አልስተናገድም ተባልሁ። የከፈልሁት ለእናንተው ነውና መዝገባችሁን ብታዩስ ብል፣ ደረሰኝ መያዝ የባለጉዳዩ ግዴታ መሆኑን፣ የእነርሱ ፋይል ግን ቢሮ ሲቀየር እንዳልተገኘ ነገሩኝ። (የልደት ወረቀቴ ናዝሬት፣ መታወቂያዬ አዳማ ስለሚል ከሁለቱ ከተሞች የየትኛው ሰው እንደሆንሁ መጠየቄን ለደብዳቤው ማጠር ስል ትቼዋለሁ።)

በ2005 ዓ.ም. ክረምት ጎረቤታችን ምጥ ይዟት ከእርስዎ ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ፣ ጭቃ በያዘው ባጃጅ ውስጥ፣ በስልክ መብራት ወለደች። ልጁ ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ነው። ሌሊቱንም፣ ሰዓቱንም፣ የባለባጃጁንም ስም እናቱ ታስታውሳለች። ማስረጃ የጠየቁኝ ሰው ሄደው እሷን ይጠይቁ! ረስተው ነው ብዬም አላዝንላቸውም፤ ሲሾሙ መኪናውን ከነመለዋወጫ ጎማው ቆጥረውና ፈርመው ተረክበዋል፤ ከርክክቡ ዝርዝር የጎደለው ለእኛ የተገባው ቃል ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ የአባ ገዳ አዳራሽ በቆመባት ከተማ ነው። በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የገዳ ሥርዓት በየ8 ዓመቱ ሥልጣን ሲያስረክብ፣ የትኛው አባ ገዳ በዘመኑ ምን እንደሠራ በቃላቸው የሚያወርዱ አዋቂዎች ነበሩት፤ መዝገብ ቤትም መደርደሪያም አላስፈለገውም። በፍጥነት መንገዱ እየበረሩ ለስብሰባ ወደ እኛ የሚመጡት ግን የገቡትን ቃል ሲመለሱ ክፍያ ጣቢያው ላይ አራግፈውት የሚያልፉ ይመስለኛል።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ለአዲሱ ባልደረባዎ አንድ ምክር እንዲያደርሱልኝ እለምናለሁ፦ ቀኑንና ቃሉን በግንባሩ ብቻ ሳይሆን በጎኑም ያስቀርጽ፤ በደረጃነት ሲነጠፍ የሚታየው ጎኑ ነውና።

ከማክበር ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት፣ ፋይሉ ከተገኘ