ማን ይነፋዋል?

የባሕር ዳር ሰዎች፣ የሰፈሬ ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ተቆጥቼ ነው። ቁጣዬ እስኪበርድ ልጠብቅ ብዬ ዝም ብዬ ሰነበትኩ፤ አልበረደም። እንግዲህ በትኩሱ ስሙኝ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሰፈራችን ውስጥ አንድ አዛውንት ዐረፉ። በሌላ ከተማ ባለ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎችን የሙዚቃ ባንድ ሲመሩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ ተወለዱበት ጣና ዳር የተመለሱ ሰው ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ የሚያውቋቸው ያውቋቸዋል። ልጆቹ ሁሉ «ጋሼ» ይሏቸው ነበር፤ እኔም ጋሼ እላቸዋለሁ።

ቀብራቸው ያማረ ነበር። ዕድሩ ድንኳን ጣለ፤ ንፍሮው ተቀቀለ፤ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አልፎ መንገዱን ሞላው። የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ «የአገር ባለውለታ» ተባሉ፤ «የትውልድ አባት» ተባሉ። ያለቀሰው ሁሉ ከልቡ አልቅሷል፤ በለቅሶው ላይ አንዳች ነገር አልናገርም። የምናገረው ከሰልስት በኋላ፣ ገና አርባቸው ሳይወጣ ስለሆነው ነገር ነው።

ጋሼ ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። የቀሯቸው አንዲት ታላቅ እህት ናቸው፤ ከገጠር የመጡ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ የወንድማቸው ሥራ ምን እንደነበረ እንኳን በቅጡ ያልተነገራቸው እናት። በእሳቸው አልፈርድም። ወሩ ሳያልቅ ቤቱ ይለቀቅልኝ ባለው ባለቤትም አልፈርድም፤ ኑሮው በኪራዩ ነው። የምፈርደው ቤቱን ለማስለቀቅ በተሰበሰብነው በእኛ በጎረቤቶች ላይ ነው። አልጋው፣ ወንበሩ፣ ምጣዱና ድስቱ ለእህትየው ተጫነ። ብርድ ልብሱ ለድሃ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ጓዳው ውስጥ የቀረው «አስቸጋሪ ዕቃ» ተባለ፤ ትራምፔቶች፣ ትሮምቦኖች፣ አንድ ሳክስፎን፣ አንድ ክላርኔት፣ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ ትልቅ ቱባ፣ በወረቀት የታጨቁ ካርቶኖች። ቁራሌው ተጠራ።

እኔ ስደርስ ወረቀቱ ተሸጦ ነበር፤ ሚዛኑ ተሰቅሎ ነሐሱ ይመዘን ነበር። አንድ ትራምፔት ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ይህን የምነግራችሁ ስሌቱን እንድታስቡት ነው። ክላርኔቱን ሚዛኑ አልፈለገውም፤ ቁልፎቹ ተነቅለው ቀሪው ወደ ጥራጊው ተወረወረ። ቱባው ማዳበሪያው ውስጥ አልገባ ሲል አንድ ጎረምሳ ድንጋይ አንስቶ ቀጠቀጠው። ድምፁን ሰምታችሁታል፤ ሦስት ቤት አልፎ ይሰማ ነበር። አንድም ሰው «ተው» አላለውም።

ከመካከላችን የተጨነቀው ቁራሌው ብቻ ነው። ገና ልጅ ነው፤ አነጋገሩ ከገጠር በቅርቡ እንደመጣ ያሳብቃል። አንዱን ትራምፔት አንስቶ ፒስተኑን በጣቱ ጫን አለው፤ ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ፤ ጋሼ ሳይሞቱ የቀቡት ዘይት ገና አልደረቀም። «ይሄ እኮ የሚሠራ ዕቃ ነው፤ የሚፈልገው ሰው የለም?» ብሎ ጠየቀ። ያን ጊዜ የማከብረው፣ የተማረ፣ በቀብሩ ዕለት ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲያለቅስ ያየሁት ሰው መለሰለት፦ «ሰውየው ሞቷል። ከእንግዲህ ማን ይነፋዋል?»

ይህን ቃል ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ምክንያቱም አጥሩ ሥር ሁለት ልጃገረዶች ቆመው ነበር። ሁለቱም የጋሼ ተማሪዎች ናቸው። መሣሪያው የሚወጣበት በርና እነሱ የቆሙበት ቦታ አሥር እርምጃ አይራራቅም። «ማን ይነፋዋል?» ሲባል ዞር ብሎ ያያቸው የለም። ጠያቂውም መላሹም መልሱ አጠገባቸው ቆሞ ሳለ ዋጋ ይከራከሩ ነበር። እኔ «እነዚህ ልጆች ይነፉታል!» ብዬ ስጮህ ገንዘቡ ተቆጥሮ አልቆ ነበር፤ «አሁንማ ተሸጠ፣ ነገር አታክርር» ተባልኩ። ማዳበሪያው ጋሪ ላይ ተጭኖ ሄደ።

ወገኖቼ፣ በኪሎ የሸጥነው ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ? ልንገራችሁ።

ጋሼ የሙዚቃን ሀሁ የቆጠሩት በልጅነታቸው በወታደር ባንድ ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን ከተማሩት ብዙዎቹ በዚያው መንገድ ነው የመጡት። መንገዱም ረጅም ነው፤ በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ባንድ ሆነው አዲስ አበባ የገቡበት ጊዜም በዚሁ መንገድ ላይ ነው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ግጥሙን እንደጻፈ የሚነገርለት ደግሞ የእኛው የጎጃም ሰው፣ የደብረ ኤልያሱ የቅኔ ልጅ ዮፍታሔ ንጉሤ ነው። የነሐስ መሣሪያ ለጎጃም ባዕድ ነው የሚል ካለ ይህን ይወቅ። ከዚያ ወዲህ ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ጦር ሠራዊት ባንዶቻቸውን አቆሙ፤ ዛሬ የምንኮራባቸው ድምፃውያን ከእነዚያ ባንዶች ፊት ቆመው ነው የዘፈኑት። ከኋላቸው ቁጭ ብሎ የነፋውን ግን ማን አስታወሰው? የጻፈውንስ?

የባንድ መሪ ሥራ ዱላ ማወዛወዝ የሚመስለው ብዙ ነው። ዋናው ሥራ ሌሊት ነው የሚሠራው። ትራምፔት በወረቀት የተጻፈለትን ድምፅ አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ያሰማል፤ አልቶ ሳክስፎን ደግሞ ከዚያም በላይ ዝቅ ይላል። ስለዚህ አንድ ዜማ ለባንድ ሲዘጋጅ ለእያንዳንዱ መሣሪያ በየራሱ ልክ ለየብቻ ይጻፋል። ሃያ ተማሪ ካለ ለአንድ ዜማ ሃያ ወረቀት ነው። ጋሼ ይህን ሁሉ በእጃቸው፣ በእስክሪብቶ፣ መስመሩን ራሳቸው በማስመሪያ እያሰመሩ ጽፈውታል። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺሆዬን ለነሐስ አሰናድተዋል። ማሲንቆ እያንሸራተተ የሚያወጣውን ድምፅ ለየትኛው መሣሪያ እንስጠው ብለው ብዙ ከለፉ በኋላ ለትሮምቦን እንደሰጡት ነግረውኛል፤ ትሮምቦን ቁልፍ የለውም፣ ክንዱን እየሳበ ነው የሚያዜመው። ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ የአንድ ወጣት ደስታ ነበር። በምረቃ ቀን ወላጆች ሰልፉን እያዩ ሲያለቅሱ ከኋላ የሚሰማው ያ ዜማ የማን ሥራ እንደሆነ አንድም ወላጅ ጠይቋቸው አያውቅም። እሳቸውም አይናገሩም።

ባሕር ዳር ሲመለሱ የመጡት ባዶ እጃቸውን አልነበረም። ጨረታ ላይ የተጣለ፣ የተጣመመ፣ የታፈነ መሣሪያ በጡረታ ገንዘባቸው እየገዙ ይጠግኑ ነበር። የጎበጠውን ያቃናሉ፣ የተሰበረውን በብየዳ ይይዛሉ፣ ለክላርኔቱ መጋጠሚያ የጠርሙስ ቡሽ ይሞርዳሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩን ልጆች ሰብስበው ሐይቁ ዳር ካለው ሾላ ሥር ይወስዷቸዋል። መጀመሪያ መሣሪያ አይሰጡም። ልጁን ሣሩ ላይ በጀርባው ያስተኙታል፤ ሆዱ ላይ መጽሐፍ ያስቀምጣሉ፤ «መጽሐፉን በትንፋሽህ አንሣው» ይሉታል። ትንፋሹ ከሆድ መምጣት ሲጀምር ባለሙያዎቹ ማውዝፒስ የሚሉትን፣ ከንፈር የሚያርፍበትን ትንሿን የነሐስ ቁራጭ ብቻ ይሰጡታል። ለሳምንታት እሷን ብቻ እየነፋ እንደ ንብ ይጮሃል። ብዙዎቹ ልጆች ሰልችተው ሄዱ። የአንዱን ልጅ አባትም አውቀዋለሁ፤ «ልጄን አዝማሪ ሊያደርጉት ነው» ብሎ ከሾላው ሥር እጁን ይዞ ወሰደው። ሁለቱ ልጃገረዶች ግን ቆዩ።

እዚህ ላይ ነው በሽታችን። ሠርጋችን ያለ ሙዚቃ አይደምቅም፤ ሠሪውን ግን ከሰው አንቆጥርም። አንጥረኛውን ቡዳ ብለን፣ ሸማኔውን ንቀን፣ ሸክላ ሠሪዋን አግልለን፣ በእጃቸው ሥራ ግን እየበላንና እየለበስን ኖርን። ዛሬ ዲግሪ ይዘን፣ ሕንፃ ሠርተን፣ በዚያው ዓይን ነው የምናየው። «የትውልድ አባት» ያልነው ሰው ዕቃ ሲከፈት ያየነው ነሐስ ብቻ ነው።

ደግሞ ማን ሆነን ነው ይህን የምናደርገው? ጣና ዳር ያለን ሰዎች ነን። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለዜማው ምልክት ሠርተው ከቃሉ በላይ እንደጻፉ ሊቃውንቱ ያስተምሩናል። ድጓውን በብራና እየገለበጡ ያቆዩልን ሰዎች ዓይናቸው ጠፍቶበታል፣ ጣታቸው ጎብጦበታል። አገር በጦርነት ሲቃጠል መጻሕፍቱ በደንገል ታንኳ ወደ ደሴቶቹ ተሻገሩ። ከክብራንና ከዳጋ መነኮሳት መካከል «ጻፊው ሞቷል፤ ከእንግዲህ ማን ያዜመዋል?» ያለ ቢኖር ኖሮ ዛሬ ማሕሌቱ ውስጥ ምን እንሰማ ነበር? እነዚያ አባቶች ዳቦ እየጠፋባቸው ብራና አልሸጡም። እኛ ጠግበን ነው የሸጥነው።

የወረቀቱን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ካርቶኖቹ ከሄዱ በኋላ ከአንዲት ቆሎ ሻጭ የገዛሁት ቆሎ ተጠቅልሎ የተሰጠኝ በአምስት መስመር የኖታ ወረቀት ነው። ቆሎውን ኪሴ ገልብጬ ወረቀቱን ዘረጋሁት። ከላይ በቀኝ በኩል በጋሼ ጽሕፈት «2ኛ ትሮምቦን» ይላል፤ ከታች ደግሞ በቀይ፣ «እዚህ ትንፋሽ ውሰዱ» ይላል። ሴትዮዋን ሌላ ካላት ጠየቅኳት። ሙሉ ሥራው ሃያ ወረቀት ነው፤ ሌሎቹ በየሰው እጅ ተበትነው፣ ቆሻሻ ሆነው፣ መንገድ ዳር ረግጠናቸዋል። አንዱን ክፍል ይዞ ሙሉውን መመለስ የሚችል ሰው የለም፤ ሁለተኛው ትሮምቦን ብቻውን ዜማውን አይናገርም፤ ሌላው ሲያዜም ከሥር የሚይዝ ነውና። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። ወረቀቱ አልለቀቀም ነበር። የለቀቅነው እኛ ነን።

«እኛ» ስል ራሴንም ጨምሬ ነው፤ ከዚያ ግቢ ባዶ እጄን ነው የወጣሁት።

ሀብታም ሁኑ አልላችሁም፤ ሐውልት አቁሙ፣ መንገድ በስማቸው ሰይሙ አልላችሁም። ሐውልትማ እንወዳለን፤ አንድ ቀን ተሰብስበን እንመርቀውና ተመልሰን አናየውም። የምላችሁ ከዚህ ያነሰ ነው። ሰው ሲሞት ቤቱን ለማስለቀቅ የምትሰበሰቡ ጎረቤቶች፣ ሚዛን ከመጥራታችሁ በፊት የሟቹን ሥራ የሚያውቅ አንድ ሰው ጥሩ። የዕድር ዳኞች፣ ድንኳንና ድስት እንደምትቆጥሩ ሁሉ የሟቹን መጻሕፍትና የእጅ ጽሑፍ ቆጥራችሁ ለአርባ ቀን አቆዩት። አርባ ቀን ብዙ አይደለም። አንድ ሳጥን የሚያስቀምጥ ጥግ የሌለው የዕድር ቤት አላውቅም።

በጋሼ ባንድ ውስጥ ላለፋችሁ ደግሞ የተለየ ልመና አለኝ። ዛሬ ሐኪም ሆናችኋል፣ መሐንዲስ ሆናችኋል፣ መምህር ሆናችኋል፤ በአገሩ ሁሉ ተበትናችኋል። ከናንተ መካከል የራሱን ክፍል ወረቀት እንደ ማስታወሻ ይዞ የወጣ መኖር አለበት። አንዳችሁ የመጀመሪያውን ትራምፔት፣ አንዳችሁ ክላርኔቱን፣ አንዳችሁ ባሱን ይዛችሁ ይሆናል። ሁለተኛው ትሮምቦን እኔ ዘንድ አለ። የምረቃ በዓል የተቀዳበት ካሴት ያለው ቤተሰብም ይኖራል፤ ካሴቱ ጊዜው ሲያልፍ ድምፁ ይሞታልና ቶሎ ይገልበጥ። በየጓዳው የቆመ፣ የተጣመመም ቢሆን፣ ትራምፔት ወይም ክላርኔት ያለው ሰው በኪሎ ከሚሸጠው ለነዚያ ልጃገረዶች ያውሳቸው።

አንደኛዋ ልጅ ለልምምድ ወደ ቤት ወስዳት ስለነበረ ማውዝፒሷ ከሚዛኑ አምልጣለች፤ ልጅቱም እስካሁን ትነፋታለች። እናቷ «ጩኸቱ አሰለቸኝ» ስትል ሰምቻታለሁ፤ ግን አላስቆመቻትም። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስተምር ሰው እየፈለግን ነው። እስከ ዛሬ የጠየቅኳቸው ሁለት ባለሙያዎች ጊዜ የለንም አሉኝ፤ ሦስተኛው አስብበታለሁ ብሏል። ብዙ አልጠብቅም፤ ደክሞኛል። ቢሆንም ሦስተኛው እስኪመልስልኝ ድረስ ለአራተኛው እየደወልኩ ነው፤ የምታውቁት ሰው ካለ ጠቁሙኝ።