ሬሳ ደጅ አቁሞ ውዝፍ መቁጠር

የሰፈራችን ደብር ጽሕፈት ቤት በር ላይ ሰሞኑን አንድ ማስታወቂያ ተለጥፏል። የሰበካ ጉባኤ ክፍያ ውዝፍ ያለበት ቤተሰብ ውዝፉን ሳይጨርስ የቀብር ቦታ አይሰጠውም ይላል። ማኅተምም አርፎበታል። ቅዳሜ ዕለት ሥራ ላይ ሲውል በዓይኔ አየሁት።

ያረፉት የጎረቤቴ እናት ናቸው። ንጋት ላይ የእድራችን ጥሩምባ ተነፋ፣ 7 ሰዓት ላይ አስከሬናቸው ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ደረሰ። ካህናቱ ጥላ ይዘው ቆመዋል፣ ጽናው ይጨሳል። ቆፋሪዎቹ ግን ወረቀት ካላየን አንጀምርም ብለው ዶማቸውን ተደግፈው ይጠብቃሉ። ልጃቸው ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ደረሰኝ የታጨቀበት ጥቁር ፌስታል ይዞ በጽሕፈት ቤቱ መስኮት ይለምናል። የ3 ዓመት ጎድሏል ተባለ። እድርተኛው ከኪሱ አዋጥቶ ከፈለ። ግማሽ ሰዓት። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሬሳ ደጅ ቆመ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ሄደን ጠየቅን። አንድ የሰበካ ጉባኤው ኃላፊ፣ «አብርሃምም እኮ ለሣራ መቃብር በ400 ሰቅል ብር ገዝቷል» አሉን። ቀጠሉና፣ «በቁሙ ያልመጣ በሞቱ ለምን ይመጣል?» አሉ።

አባቴ፣ አብርሃም የገዛው እኮ በሰው አገር ስለነበረ ነው! እንግዳ ነኝ፣ የምቀብርበት መሬት የለኝም ብሎ ነው ኬጢያውያንን የለመነው። ኤፍሮንም መጀመሪያ የተናገረው «ውሰደው፣ ሬሳህን ቅበር» ብሎ ነው። ባዕዱ እንኳ ዋጋ የጠራው አብርሃም እከፍላለሁ ብሎ ከያዘው በኋላ ነው። እኚህ እናት ታዲያ ለዚህ ደብር እንግዳ ናቸው? በ80 ቀናቸው ክርስትና የተነሡት እዚሁ ነው። ያን ቀን ማን ደረሰኝ ጠየቃቸው?

«በቁሙ ያልመጣ» የሚለው ደግሞ የበለጠ አንገብግቦኛል። እኚህን ሴት ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው ስንዴ ሲለቅሙ ነው። ለመገበሪያ፣ የቅዳሴው ኅብስት ለሚሠራበት። ሰፌዱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ደጃፋቸው ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ። እንክርዳዱን፣ ጠጠሩን፣ የተሰበረችውን ፍሬ ሳይቀር አንድ በአንድ ያወጣሉ። እኛ ልጆች እጃችንን ሳንታጠብ እንድንነካው አይፈቅዱም ነበር። ከዚያ በነጭ ጨርቅ ቋጥረው ኅብስቱ ለሚዘጋጅበት ቤት፣ ለቤተ ልሔም ያደርሳሉ። ለዚያ ስንዴ ደረሰኝ የቆረጠላቸው አለ? ለጧፉስ? ለዕጣኑስ? ልጃቸው ከሕመም ሲድን በስለት ያስገቡት ጃንጥላ በየትኛው መዝገብ ተጻፈ? ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ የጨመሩት ሳንቲምስ? ይህች ቤተ ክርስቲያን በእንደነዚህ ያሉ እናቶች እጅ ነው የኖረችው። የሰጡትን ሲሰጡ ስማቸውን እንኳ አላስጻፉም። ዛሬ መዝገቡ ላይ ስላልተገኙ እንዳልነበሩ ተቆጠሩ።

ውዝፍ የተባለውን 3 ዓመት ደግሞ ሰፈርተኛው ሁሉ ያውቀዋል። እግራቸው ከድቷቸው አልጋ ላይ የዋሉበት ጊዜ ነው። ንስሐ አባታቸው ቤት ድረስ እየመጡ ጸሎት ያደርሱላቸው፣ ጠበል ይረጩላቸው ነበር። የአንድ ሰው ክርስትና ምስክሩ ንስሐ አባቱ ነው። ካህኑ «ልጄ ናት» ብሎ ቆሞ እያለ የሒሳብ ሹሙ «አላውቃትም» ካለ ደብሩን የሚመራው ማን ነው?

ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ አያስፈልጋትም አላልኩም። ደርግ በ1967 ዓ.ም. መሬቷን ከወረሰ ወዲህ የቆመችው በምእመናን መዋጮ ነው። ቆፋሪም፣ ጥበቃም ደመወዝ ይፈልጋል። የአዲስ አበባ የቀብር ቦታም ጠቧል። ግን ቦታ ጠበበ ከተባለ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ በእብነ በረድና በብረት አጥር የሦስት ሰው ቦታ የያዘው ሐውልት ለምን ዝም ተባለ? ውዝፍ መሰብሰብ የሚፈልግ ሰው በሕይወት ሳለ በሩን ያንኳኳ። እናቱ ሳጥን ውስጥ ተኝታ ያገኙት ልጅ የተጠየቀውን ሁሉ ይከፍላል። ይህ መዋጮ አይባልም፣ ማስገደድ ነው።

ሰው በአግባቡ አለመቀበር ምን እንደሆነ እኛ አገር ማንም አይነገረውም። ኅዳር 1967 ዓ.ም. የተረሸኑት 60ዎቹ ባለሥልጣናት በአንድ ጉድጓድ ተጣሉ፣ ቤተሰቦቻቸው ዓመታት ጠብቀው ነው አፅማቸውን ቅድስት ሥላሴ ያሳረፉት። ንጉሠ ነገሥቱም ለቀብራቸው እስከ ጥቅምት 1993 ዓ.ም. 25 ዓመት ቆይተዋል። ያኔ የከለከለው መንግሥት ነበር። አሁን የራሳችን ደብር በራሱ ማኅተም ይከለክላል?

ዮሴፍ ዘአርማትያስ ለራሱ ያስወቀረውን አዲስ መቃብር ነው ለጌታ የሰጠው። በየዓመቱ ስቅለት ላይ ይህን ሰምተን እየሰገድን እንመለሳለን። ያንን ወረቀት የለጠፉት ሰዎችም አብረውን ይሰግዳሉ።

ማስታወቂያው ይነሣ። ውዝፍ ያለበት ካለ ቤተሰቡ ከሐዘን ከተነሣ በኋላ፣ ከተዝካሩ ወዲያ በሰላም ይጠየቅ። የቀብር ፈቃዱን ንስሐ አባት ይፈርምበት። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እጄን አወጣለሁ፣ መጀመሪያ የምጠይቀውም ስለዚያ ግማሽ ሰዓት ነው።