ምረጡኝ ባዩ ደጃፍ ላይ ሲቆም

አሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የዚህን አገር ምርጫ ባብዛኛው የምንከታተለው በቴሌቪዥን ነው። የእጩዎቹን ክርክር እናያለን፣ ማስታወቂያው ያሰለቸናል፣ በምርጫው ሌሊት ካርታው ቀይና ሰማያዊ ሲቀባ እያየን እናመሻለን። ምርጫው የሚለፋበትን ዋናውን ቦታ ግን ብዙዎቻችን አላየነውም። ያ ቦታ የሰው ደጃፍ ነው። ለከተማ ምክር ቤትም ይሁን ለሴኔት የሚወዳደር ሰው ቅዳሜና እሁድ እግሩ እስኪቀጥን ሰፈር ለሰፈር እየዞረ በር ያንኳኳል፤ እሱ ያልደረሰበትን በጎ ፈቃደኞቹ ያንኳኩለታል። ይህን በቅርብ ካየሁ ወዲህ ስለ አገር ቤት ምርጫ ሳስብ አንድ ጥያቄ አይለቀኝም። የእኛ ፓርቲዎች አደባባዩን እንዲህ ሲወዱ በሩን ለምን ተዉት?

መጀመሪያ እዚህ እንዴት እንደሚሠራ ልናገር። አብሬያቸው የዞርኩት በጎ ፈቃደኞች ስልካቸው ላይ ካርታ አለ፤ በካርታው ላይ ነጥብ ያለባቸውን ቤቶች ብቻ ያንኳኳሉ። ነጥቡን ሲነኩት የነዋሪው ስምና ዕድሜ፣ በየትኞቹ ያለፉ ምርጫዎች ድምፅ እንደሰጠ ይወጣል። ማንን እንደመረጠ ማንም አያውቅም፤ መምረጥ አለመምረጡ ግን የመንግሥት መዝገብ ላይ ያለ ነገር ነው፤ ፓርቲዎችም መዝገቡን ወስደው በራሳቸው መረጃ ያዳብሩታል። ዲሞክራቶቹ የሚጠቀሙበት መተግበሪያ ሚኒቫን ይባላል። ከእያንዳንዱ ንግግር በኋላ ቀስቃሹ ለሰውየው ከ1 እስከ 5 ቁጥር ይሰጠዋል። 1 ቁርጥ ያለ ደጋፊ ነው፣ 3 ያልወሰነ፣ 5 ደግሞ የተቃራኒው ወገን። ከ5ቱ ጋር አይከራከሩም፤ አመስግነው ያልፋሉ። ቤቱ ሰው ከሌለ በራሪ ወረቀቱን በሩ እጀታ ላይ ያንጠለጥላሉ እንጂ ፖስታ ሳጥን ውስጥ አይከቱትም፤ በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። የመጨረሻዎቹ ቀናት ሲደርሱ ክርክሩ ሁሉ ይቀርና ደጋፊዎቹ ጋ ብቻ ተመልሰው ይሄዳሉ፤ ጥያቄውም ያጥራል። ድምፅ ሰጥተዋል? ካልሰጡ መቼ ይሄዳሉ? በምን ይሄዳሉ?

አንዲት ተማሪ ደወል ደውላ ወዲያው ሁለት ደረጃ ወደ ታች ወረደች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ በሩን የሚከፍተው ሰው ከላይ ሆኖ እንዲያያት ነው አለችኝ፤ ሥልጠናው ላይ የተማሩት ነው። የወጡት ሽማግሌ በሩን ገርበብ አድርገው «ፖለቲከኛ የሚባል አላምንም» አሏት። ስለ እጩዋ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ለምን እንደማያምኑ ጠየቀቻቸው። መንገድ ማቋረጫው ላይ መብራት እንዲተከል ለዓመታት ሲያመለክቱ ጆሮ ዳባ ልበስ እንደተባሉ ነገሯት። ጻፈችው። የማቋረጫውን ስም ደግማ አንብባ አረጋገጠችላቸው። እጩዋ ራሷ የምትመጣበትን ቀን ሲጠይቋት በሩ ሙሉ ለሙሉ ተከፍቶ ነበር። ቀጥሎ ያለው ቤት ደግሞ ጠርቅሞ ዘጋባት። ነገ የከተማው ሹም ልትሆን የምትችለው እጩ በሌላኛው ረድፍ እንዲሁ ይዘጋባት ነበር። በሩን የዘጋው ሰው ሲዘጋ ፊቱ ላይ ምንም ፍርሃት አላየሁም። ሹሟ ብትመረጥ ውሃውን አትቆርጥበትም፣ ልጁን ከሥራ አታስወጣበትም።

እኛ አገር ለዘመናት በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ተገዢው ነው። ጉዳይ ያለው ሰው በመኳንንቱ ግቢ በር ደጅ ይጠናል፤ መንግሥት ቢለዋወጥም ደጅ መጥናቱ በየቢሮው ኮሪደር ቀጠለ። የቤት ለቤት ቅስቀሳ ትልቁ ነገሩ ለእኔ ይህን መገልበጡ ነው። ሥልጣን ፈላጊው ይቆማል፤ ባለቤቱ ይከፍታል ወይም አይከፍትም።

ይህ ማለት አገር ቤት በር አይንኳኳም ማለት አይደለም። ተንኳኩቷል፤ ያንኳኳው ሌላ ነው እንጂ። ቀበሌ የተወለደው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የሕዝብ ሀብት ባደረገው በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው፤ ሁለት ዓመት ሳይቆይ፣ በ1969 ዓ.ም.፣ ያው ቀበሌ የቤት ለቤት አሰሳ መሣሪያ ሆነ። የዚያን ዘመን እናት በሯ ሲንኳኳ ምን እንደሚሰማት የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ኢሕአዴግ ደግሞ አንድ ለአምስትን አመጣ። አንድ የፓርቲ ሰው አምስት ሰው ይይዛል፤ ማን እንደተመዘገበ፣ ማን ስብሰባ እንደቀረ፣ ማን እንደሚያጉረመርም ይታወቃል። አሜሪካኖቹ ለመራጩ ከሚሰጡት ከ1 እስከ 5 ቁጥር ጋር መመሳሰሉ ማንንም እንዳያሳስት፤ እዚህ አሜሪካ ሰውየው 5 ቢባል የሚቀርበት ነገር የለም። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ሪፖርት በገጠር ማዳበሪያና የሴፍቲኔት ድጋፍ ከፓርቲ ታማኝነት ጋር እንደሚያያዝ ጽፏል፤ መንግሥት አስተባብሏል። ክሱ በየቦታው ምን ያህል እውነት ነው የሚለውን ትተን፣ ስንዴውን የሚያድለው እጅና «ምረጡን» የሚለው እጅ አንድ ከሆነ ባለቤቱ በሩን መዝጋት እንደማይችል ለመረዳት ሪፖርት አያስፈልግም።

ተቃዋሚዎቻችን ወደ አደባባዩ ያዘነበሉት በከፊል ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል። በር ለበር መሄድ የቀበሌ ሥራ ሆኖ ተቆጠረ፤ ደጋፊም በሩ ላይ ከመታየት ይልቅ ሰልፍ መሀል መጥፋቱን መረጠ። የሚያዝያ 30 ቀን 1997 ዓ.ም. የመስቀል አደባባይ ሰልፍ በዓይኑ ያላየውም ሰው ዛሬ ድረስ ያወራዋል። የተቃዋሚዎቹ ጥምረት ቅንጅት አዲስ አበባ ውስጥ 23ቱንም የፓርላማ መቀመጫ፣ ከ138ቱ የከተማ ምክር ቤት መቀመጫ 137ቱን አሸነፈ። የቴሌቪዥኑ ክርክርና የሕዝቡ ብሶት ያመጡት ድል ነበር። መሪዎቹ ሲታሰሩ ግን በየሰፈሩ ቤት ለቤት የሚያገናኝ ክር አልነበረም፤ ያ ሁሉ ሕዝብ እርስ በርሱ ሳይተዋወቅ ወደየቤቱ ተመለሰ። በ2007 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ ያዙ። በሰኔ 2013ቱ ምርጫ ቤት ለቤት የሞከሩ እጩዎች ነበሩ፤ ጎልቶ የታየው ግን ሞንታርቦ የጫነው መኪና፣ ቲሸርቱና ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ፎቶ ነው። ውጤት ከተገለጸባቸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን ብልጽግና ወሰደ። ሜዳው እኩል እንዳልነበር አውቃለሁ። ቢሆንም እጩው እግሩን አንስቶ ደጃፌ ደርሶ ነበር የሚል መራጭ ስንት ነው?

በር ማንኳኳት ይሠራል ወይ ለሚል ሰው፣ ተመዝኖ የታየ ነገር አለ። አለን ገርበርና ዶናልድ ግሪን የተባሉ የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ኒው ሄቨን ከተማ ውስጥ መራጮችን በዕጣ ከፋፍለው ለአንዳንዱ ደብዳቤ ላኩ፣ ለአንዳንዱ ስልክ ደወሉ፣ ለአንዳንዱ በሩ ላይ ሄዱ። ስልኩ ፋይዳ አላሳየም፤ ደብዳቤው ትንሽ ሠራ፤ በአካል የተነጋገሩት ሰዎች ዘንድ ግን የመራጩ ድርሻ ከ8 መቶኛ ነጥብ በላይ ጨመረ። ነገር ግን ሐሳብ ማስቀየር ሌላ ነው። ጆሽዋ ካላና ዴቪድ ብሩክማን እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት 49 የመስክ ሙከራዎችን አሰባስበው፣ በአሜሪካ አጠቃላይ ምርጫ ቅስቀሳ የመራጩን ምርጫ የሚያስቀይርበት አማካይ መጠን ወደ ዜሮ እንደሚጠጋ አገኙ። ሁሉም ቀድሞ ወገኑን ለይቷልና። ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው የሆነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የፕሬዚዳንት እጩው የፍራንስዋ ኦላንድ ሰዎች የኦባማን ዘመቻ አይተው በር ማንኳኳት ጀመሩ፤ ሥራውን ከመሩት አንዱ የሆነው ቬንሳን ፖንስ በኋላ ሲመዝነው፣ የመራጩ ቁጥር አልጨመረም፣ የኦላንድ ድምፅ ግን ጨምሯል።

ከሁለቱ ለእኛ የሚቀርበው የፈረንሳዩ ይመስለኛል። አገር ቤት ፓርቲዎች ስማቸው ይቀያየራል፣ ይዋሃዳሉ፣ ይሰነጠቃሉ፤ መራጩ እጩውን የሚያውቀው በምልክቱ ብቻ ይሆናል። እንዲህ ባለበት ቦታ አምስት ደቂቃ ፊት ለፊት መነጋገር ብዙ ነገር ያስተካክላል። በብሔር ወገን የተለየበት ቦታ ላይ ግን ነገሩ ወደ አሜሪካው እንደሚያደላ አልክድም።

ሕግ ደጃፉን መጠበቅ እንደሚችልም ከሌሎች አገሮች እናያለን። ጃፓን ከ1925 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እጩ ቤት ለቤት እንዳይዞር ከልክላለች፤ ከበሩ ጀርባ ገንዘብ ይሰጣጣል ብላ ስለፈራች ነው። ከተሞቿ በምርጫ ሰሞን በድምፅ ማጉያ መኪና የሚናወጡት በዚህ ምክንያት ነው። እንግሊዞች በሩን ክፍት አድርገው ቀስቃሹን ገንዘብ ከፍሎ መቅጠርን ከለከሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 (እ.ኤ.አ.) በ8 ለ1 ድምፅ፣ በር ለማንኳኳት ከከተማ አስተዳደር ፈቃድ አውጡ ማለት የመናገር ነፃነትን ይጥሳል ሲል ወሰነ። ለእኛ የሚበጀው ሌላ ክልከላ ነው እላለሁ። እርዳታ የሚያድል፣ ማዳበሪያ የሚያከፋፍል፣ መታወቂያ የሚሰጥ ሰው በማንም ፓርቲ ስም በር እንዳያንኳኳ፤ ሲያንኳኳ ከተገኘም ምርጫ ቦርድ እንዲጠይቀው።

አሜሪካንም ሳላሞግስ ላቁም። ያ ስልክ ላይ ያለው ካርታ ነጥብ ያላደረገባቸው ቤቶች ውስጥ የምንኖረው እኛ ነን። ዜግነት ወስደን፣ ተመዝግበን፣ ሁለት ሦስት ምርጫ ካልመረጥን ዝርዝሩ ይዘለናል፤ ስለተዘለልን ማንም አይጠይቀንም፤ ማንም ስላልጠየቀን አንመርጥም። በዋሽንግተን ዲሲ አማርኛ ከተማው አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ያም ሆኖ ጎረቤታችን ላለው አሜሪካዊ ደወል ተደውሎ የእኛ በር የሚታለፍበት ቅዳሜ ብዙ ነው። ይህን የሚቀይረው አማርኛ ተናጋሪ በጎ ፈቃደኛ ሆኖ መውጣት ነው፤ ከራሳችን ልጆች መሀል የጀመሩ አሉ።

አገር ቤት አቅም የለም የሚለውን ደግሞ አልቀበልም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30,000 በላይ ሠራተኞችን፣ አብዛኛዎቹን አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶችን፣ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት አድርጎ አሰማራ። በእግራቸው እየሄዱ ስለ ክትባት፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ወሊድ አስተማሩ። የፖሊዮ ዘመቻ ሠራተኛ የደረሰበትን ቤት በር ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ ያልፋል፤ ያልደረሰበት ይታወቃል። ለመጣው ሰው በሩን የሚከፍተው ያው በአሰሳ የተሰቃየ ሕዝብ ነው። የመጣበትን ጉዳይ አይቶ ይለያል።

ሂሳቡም ከባድ አይደለም። በአንድ የምርጫ ክልል 200 በጎ ፈቃደኛ ያለው እጩ፣ እያንዳንዱ ቅዳሜና እሁድ 15 ቤት ብቻ ቢያዳርስለት፣ በ10 ሳምንት 30,000 ቤት ይደርሳል። የሚያስፈልገው ደብተር፣ እስክሪብቶና የግማሽ ቀን ሥልጠና ነው። ሁለት ሁለት ሆነው ይሂዱ፣ አንዷ ሴት ትሁን፣ በቀን ብርሃን ይሁን፣ የፓርቲው ባጅ ከሩቅ ይታይ፣ የሰው ስምና አቋም የተጻፈበት ደብተር ከማንም እጅ እንዳይገባ ይጠበቅ። ይህ የመጨረሻው የእኛን ሁኔታ ለሚያውቅ ሰው ከሁሉ ይበልጣል፤ የድጋፍ ቁጥሩን ጨርሶ አለመጻፍ የሚሻልበት ቦታም አለ። ጥይት በሚጮህባቸው አካባቢዎች ደግሞ ማንንም ወጣት በር ለበር ላኩ ማለት አልችልም።

ጊዜውን ግን ከአሜሪካ መቅዳት አይቻልም። እዚህ ትልቁ ዘመቻ የሚደረገው በመጨረሻዎቹ አራት ቀናት ነው፤ አገር ቤት ሕጉ በእነዚያው አራት ቀናት ቅስቀሳ ይከለክላል። እዚህ አንዴ የተመዘገበ መራጭ አድራሻ እስካልቀየረ ብዙ ጊዜ ተመዝግቦ ይቆያል፤ እዚያ ለየምርጫው እንደገና ተመዝግቦ ካርድ ማውጣት አለበት። በ2013 ዓ.ም. ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ ቢባልም መጀመሪያ ላይ ምዝገባው ቀዝቅዞ ቀኑ መራዘሙን እናስታውሳለን። ስለዚህ አገር ቤት በሩ መንኳኳት ያለበት ምዝገባው ሲከፈት፣ ፓርቲዎቹ ገና ስለ ሰልፉ በሚመክሩበት ሰሞን ነው። የመጀመሪያው ጥያቄም «ማንን ይመርጣሉ?» አይሁን። «ካርድ አውጥተዋል? ጣቢያዎ የት እንደሆነ ያውቃሉ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ ቀጥሎ ባለቤቱ የልባቸውን ይናገሩ፤ የእጩው ስምና ምልክት ያለበት ወረቀት ከዚያ በኋላ ይሰጥ።